ከማሪያ ቀጥሎ የሚመጣው ስም

በስፓኒሽ ተናጋሪው ዓለም ለሴት ልጅ «ማሪያ» የሚል ስም ያወጣ ወላጅ ሥራውን ገና አልጨረሰም። ስሙ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ብቻውን ሲጠራ ማንን እንደሚያመለክት አይለይም፤ በአንድ ቤት ያደጉ ሦስት እኅትማማቾች ሦስቱም ማሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጅቷን ከእኅቶቿ፣ ከአክስቶቿና ከጎረቤት ልጆች የሚለያት ከማሪያ ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ስም ነው፤ ማሪያ ዴል ካርመን፣ ማሪያ ዴ ሎስ ዶሎሬስ፣ ማሪያ ዴል ፒላር፣ ማሪያ ጓዳሉፔ። በሎስ አንጀለስ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ታካሚዎችን መመዝገብ እንጀራዬ ስለሆነ፣ ከእነዚህ ስሞች አንዱን ሳልጽፍ የምውልበት ቀን የለም። አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬም ማሪያ ጓዳሉፔ ናት። ወላጆቿ ከሜክሲኮ የሚቾአካን ግዛት የመጡ ሲሆኑ፣ አንዷ እኅቷ ማሪያ ዴል ካርመን፣ ሌላዋ ማሪያ ዴ ሎስ አንኼሌስ ይባላሉ። በቤታቸው ግን «ማሪያ» ተብላ የምትጠራ አንዲትም የለችም፤ ሉፔ፣ ካርመንና አንኼሊታ ናቸው።

ሁለተኛው ስም ማርያምን በየትኛው ቦታዋ፣ በየትኛው ታሪኳ ወይም በየትኛው በዓሏ እንደሚጠሯት ይናገራል። ካርመን በእስራኤል፣ ሐይፋ አጠገብ ካለው ከቀርሜሎስ ተራራ የመጣ ነው። ፒላር ማለት ዓምድ ነው፤ በስፔን የሳራጎሳ ከተማ ትውፊት እንደሚለው ሐዋርያው ያዕቆብ በኤብሮ ወንዝ ዳር በስብከቱ ተስፋ ቆርጦ ሳለ እመቤታችን በዓምድ ላይ ቆማ ታየችው፤ በዓሉም ኦክቶበር 12 ቀን ይከበራል። ሞንሴራት በካታሎኒያ የሚገኝ፣ ጫፉ እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ተራራ ስም ነው። ፋቲማ ደግሞ በ1917 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እመቤታችን ለሦስት እረኛ ልጆች ታየችባት የተባለችው የፖርቱጋል መንደር ናት። የመንደሯ ስም ዓረብኛ በመሆኑ፣ «ማሪያ ዴ ፋቲማ» ተብላ የተጠመቀች ካቶሊካዊት ልጅ የእኛ አገር ፋጡማዎች የያዙትን ስም ይዛለች ማለት ነው።

ከቦታ ስሞች ይልቅ አዲስ ሰሚን የሚያስደነግጡት ግን የሐዘን ስሞች ናቸው። ዶሎሬስ «ሕማማት» ወይም «ሐዘኖች» ማለት ነው፤ ሶሌዳድ «ብቸኝነት»፣ አንጉስቲያስ «ጭንቀቶች» ማለት ነው። አዲስ ለተወለደች ሕፃን «ብቸኝነት» የሚል ስም የሚያወጣ ወላጅ ምን ዓይነት ወላጅ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስላል። ነገሩ የሚገለጠው የወደቀውን «ማሪያ» መልሰን ስናስገባው ነው። ማሪያ ዴ ላ ሶሌዳድ ማለት ልጇ በመስቀል ላይ ከሞተ በኋላ ብቻዋን የቀረችው ማርያም ናት፤ ማሪያ ዴ ሎስ ዶሎሬስ ደግሞ የስምዖን ትንቢት የተፈጸመባት፣ ልቧ በሰይፍ የተወጋው እናት ናት። ወላጆቹ ለልጃቸው ብቸኝነትን አልተመኙላትም፤ ብቸኝነትን አይታ ያለፈችውን እናት ጠባቂ አድርገው ሰጧት። ዘመን አልፎ ማሪያ ከፊት ስትወድቅ ግን ቃሉ ብቻውን ራቁቱን ይቀራል፤ ሎላ ተብላ የምትጠራ ሴት ስሟ ከዶሎሬስ፣ ዶሎሬስም ከእመቤታችን ሐዘን እንደመጣ ትዝ ላይላት ይችላል። የምኖርባት ከተማ ራሷ የዚሁ መውደቅ ምስክር ናት። በ1781 ስትቆረቆር የተሰጣት ስም «የመላእክት ንግሥት ከተማ» የሚል ትርጉም ነበረው፤ ንግሥቲቱ በአጠራር ወደቀችና መላእክቱ ብቻ፣ ሎስ አንኼሌስ፣ ቀሩ። የባልደረባዬ እኅትና ከተማዋ፣ እንግዲህ፣ ስመ ጥምቀታቸው አንድ ነው።

በኦርቶዶክስ ቤት ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ አጠራር ብዙም ሩቅ አይደለም። እኛም ማርያም አንዲት መሆኗን እያመንን የግሸኗ፣ የእንጦጦዋ፣ የጽዮኗ እያልን እንሳላለን፤ በልደታ የተሳለች ሴት ስለቷን በኪዳነ ምሕረት አታገባም። ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ቁስቋም ነው። ቁስቋም በላይኛው ግብፅ፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ያረፈችበት ተራራ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ስታሠራ የግብፁ ስም የጎንደር ስም ሆነ። ዛሬ «በቁስቋም» ብሎ የሚምል የጎንደር ሰው ግብፅን አያስብም፤ የሚያስበው የሚያውቃትን ደብር ነው። ልዩነታችን ሌላ ላይ ነው። እኛ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጽዮን፣ ጽጌ ማርያም እንላለን እንጂ «ማርያም» የሚለውን ስም እንዳለ ለሕፃን መስጠት አልለመደብንም፤ በመካከል «ልጅ»፣ «አገልጋይ» ወይም «አበባ» የሚል ቃል አስገብተን ከስሙ ባለቤት ትንሽ ራቅ እንላለን። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ግን ማሪያን ለሴት፣ ኼሱስን (ኢየሱስን) ለወንድ ያለ ምንም መጋረጃ ይሰጣሉ። ከመከባበር ባሕላችን አንጻር መጀመሪያ ላይ ድፍረት መስሎ ታይቶኝ ነበር፤ አሁን የሚመስለኝ ግን ሁለተኛው ስም መጋረጃውን ተክቶ የሚሠራ ነው። ልጅቷ ማርያምን ሆና አትቆምም፤ ከማርያም ታሪክ አንዱን ገጽ ትይዛለች።

ወደ ባልደረባዬ ስም ልመለስ። ማሪያ ስትል ከዕብራይስጡ ሚርያም ትነሣለች፤ የሙሴ እኅት ስም ነው። ግሪኩ «ማርያም»ም «ማሪያ»ም ብሎ ጻፈው፤ ላቲኑ የመጨረሻዋን «ም» ጥሎ ማሪያን ይዞ ሄደ፤ ግእዝ ግን ጠብቆ አቆያት። ትርጉሙ ላይ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ አልተስማሙም፤ «መራራ» ያሉ አሉ፤ ከግብፅኛ «የተወደደች» ከሚል ቃል ያመጡትም አሉ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኖረው ቅዱስ ጀሮም «የባሕር ጠብታ» ብሎ በላቲን የተረጎመው «ስቲላ ማሪስ»፣ በአንዲት ፊደል ለውጥ «ስቴላ ማሪስ»፣ «የባሕር ኮከብ» ሆነ፤ መርከበኞችም ከዚያ ወዲህ ማርያምን የባሕር ኮከብ እያሉ ሲለምኗት ኖሩ። ጥሩ ስሕተት ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ጓዳሉፔ የሚለው ቃል ግን ከማርያም ጋር ምንም የደም ዝምድና አልነበረውም። በምዕራብ ስፔን፣ ኤክስትሬማዱራ በሚባለው ደረቅ አገር የሚፈስስ ትንሽ ወንዝ ስም ነበር። የመጀመሪያው ክፍል «ጓድ» ዓረብኛው «ዋዲ» መሆኑ አያከራክርም። ዓረቦች ስፔንን በገዙባቸው በርካታ መቶ ዓመታት ወንዙን ሁሉ ዋዲ ብለው ስለጠሩት ስሙ እስከ ዛሬ በስፔን ካርታ ላይ ተበትኗል፤ የሴቪያው ጓዳልኪቪር «ዋዲ አል-ከቢር»፣ ታላቁ ወንዝ ነው፤ ጓዳላኻራም «ዋዲ አል-ሒጃራ»፣ የድንጋዮች ወንዝ ነው። በሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ክርክር አለ። አንዳንዶች የላቲኑን «ሉፑስ»፣ ተኩላን አይተው «የተኩላ ወንዝ» ይሉታል፤ ሌሎች ደግሞ ይህኛውም ክፍል ዓረብኛ ነው ይላሉ። ተኩላም ይሁን ሌላ፣ ሉፒታ እያሉ ልጃቸውን የሚያባብሉ እናቶች ስለ ወንዙ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ማወቅም አይጠበቅባቸውም።

ወንዙ ወደ ማርያም የገባው በአንድ የከብት እረኛ ታሪክ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ14ኛው መጀመሪያ፣ ኺል ኮርዴሮ የተባለ እረኛ የጠፋችበትን ላም ሲፈልግ እመቤታችን ታየችውና በወንዙ አጠገብ ተቀብሮ የኖረ ምስሏን እንዲያወጡ አዘዘችው። ምስሉ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ልጇን የታቀፈች የማርያም ሐውልት ነው፤ የቀረጸው ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሆነ ይነገራል። ይህን ስሰማ ፈገግ ብያለሁ፤ በእኛም አገር ሉቃስ የሣላት ሥዕለ ማርያም ናት የምትባል የየገዳሙ ሀብት አለችና። ንጉሥ አልፎንሶ 11ኛ በ1340 በሪዮ ሳላዶ ጦርነት ድል ካደረገ በኋላ ድሉን ለጓዳሉፔ እመቤት ሰጠ፤ በ1389 ደግሞ ቦታው የሂሮኒማውያን መነኮሳት ገዳም ሆነ። ኮሎምቦስ በ1493 ባየው የካሪቢያን ደሴት ላይ የዚህን ገዳም ስም አወጣ፤ ዛሬ የፈረንሳይ የሆነው ጓዳሉፕ ይኸው ደሴት ነው። ሜክሲኮን የወረረው ሄርናን ኮርቴስም የተወለደው ከገዳሙ ብዙ በማይርቀው ሜዴሊን ነው፤ ከተከታዮቹም ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች ነበሩ። ስደተኛ ሰው መጀመሪያ ይዞት የሚሄደው የአጥቢያውን ታቦት ስም እንደሆነ እኛ በስደት ያለን አናጣውም፤ በዚህች ከተማ ያሉትን የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ስም መቁጠር ይበቃል።

ከሁሉም የገነነችው ጓዳሉፔ ግን የሜክሲኮዋ ናት። ያኔ አገሩን ይገዙ የነበሩት የአስቴኮች (አዝቴኮች) ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን በ1521 በስፔናውያን እጅ ወደቀች። ትውፊቱ እንደሚተርከው በአሥረኛው ዓመት፣ በዲሴምበር 1531፣ ኹዋን ዲዬጎ የተባለ ተጠማቂ የአገሬው ሰው ከከተማዋ በስተሰሜን ባለው በቴፔያክ ኮረብታ ሲያልፍ እመቤታችን ታየችው፤ ያነጋገረችውም በገዛ ቋንቋው በናዋትል ነበር። በዚያ ቦታ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራላት ለጳጳሱ ለኹዋን ዴ ዙማራጋ እንዲነግር ላከችው። ጳጳሱ ምልክት ስለጠየቀ፣ በክረምት ብርድ መካከል የለቀመውን አበባ በጋቢው ቋጥሮ ሄደ፤ ጋቢውን ሲፈታው አበባው ወደቀ፣ በጨርቁ ላይም የእመቤታችን ሥዕል ታትሞ ተገኘ። ጋቢ ያልኩት ቲልማ የሚባለውን፣ ከተክል ቃጫ የተሸመነ ድሪቶ መሳይ ልብስ ነው፤ ዛሬ በ1976 በተመረቀው በአዲሱ ባሲሊካ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ሥዕሉ ከስፔኑ ሐውልት ጋር አይመሳሰልም። ልጅ አልታቀፈችም፤ በጨረቃ ላይ ቆማ፣ እጆቿን አጋጥማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያለች፤ ወገቧ ላይ ያለው ጥቁር መቀነት እርጉዝ መሆኗን እንደሚያመለክት ይነገራል። ፊቷ የአገሬው ሰው ፊት ነው፤ ሕዝቡ «ላ ሞሬኒታ»፣ ጠይሟ፣ እያለ የሚጠራትም ለዚህ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ትረካ ላይ ጥያቄ አንሥተዋል፤ ጳጳስ ዙማራጋ በተዋቸው ጽሑፎች ውስጥ ስለ ነገሩ አንድም ቃል የለም፤ ታሪኩን በናዋትል የሚተርከው ዝነኛው ጽሑፍም የታተመው በ1649 ነው። ከዚህም ሌላ ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ቤርናርዲኖ ዴ ሳሃጉን በ1576 ሲጽፍ፣ በቴፔያክ ቀድሞ ቶናንትዚን፣ «ክብርት እናታችን»፣ የምትባል አምላክ ቤተ መቅደስ እንደነበር ጠቅሶ፣ ሕዝቡ ወደ ማርያም እየመጣ ያንኑ የጥንቱን ስም መጥራቱ እንዳላስደሰተው ገልጿል። ኹዋን ዲዬጎን ግን ሮም በ2002 ቅዱስ ብላ አውጃለች፤ ሜክሲኮዎችም የታሪክ ጸሐፊዎቹን ክርክር ጠብቀው አያውቁም። ስሙ ራሱ ከናዋትል ቃል ተጣሞ የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ ስፔናውያኑ ያልገባቸውን የናዋትል ቃል በሚያውቁት «ጓዳሉፔ» ተኩት ይላሉ። እኔን አላሳመነኝም። አገሩን የያዙት የኤክስትሬማዱራ ልጆች ከሆኑ፣ የጓዳሉፔን ስም ለማምጣት የተሳሳተ ጆሮ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ይሁን እንጂ የስሙ ትርጉም የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው። በሴፕቴምበር 16 ቀን 1810 ቄስ ሚጌል ኢዳልጎ በስፔን ላይ ሲነሣ ያመፀው ዶሎሬስ ከምትባል ከተማ ነው፤ ያነሣው ባንዲራም የጓዳሉፔ ሥዕል ነበረበት። የንጉሡ ወገኖች ደግሞ በበኩላቸው ማሪያ ዴ ሎስ ሬሜዲዮስን፣ የፈውሶች ማርያምን፣ የጦራቸው ጠባቂ አደረጉ። ሁለት የማርያም ስሞች በአንድ አገር ላይ ተፋለሙ፤ ያሸነፈችው ጓዳሉፔ ናት። ከአርበኞቹ አንዱ የቤተሰቡን ስም ጥሎ ራሱን ጓዳሉፔ ቪክቶሪያ፣ «ጓዳሉፔ ድል»፣ ብሎ ሰየመ፤ ከ1824 እስከ 1829 የመጀመሪያው የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት የሆነው እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ የሴት ብቻ አልሆነም፤ በአጽም ሥዕሎቹ የታወቀው የሜክሲኮ ቀራጭ ሠዓሊ ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ ነው። በ1966 የእርሻ ሠራተኞቹ መሪ ሴሳር ቻቬዝ በካሊፎርኒያ ከዴላኖ እስከ ሳክራሜንቶ በእግር ሲጓዝ ሰልፈኞቹ ከፊት የያዙት ይህንኑ ሥዕል ነበር። በስፔን ያለ ወንዝ፣ በዓረብ አፍ የተጠራ፣ የስፔንን አገዛዝ ለመጣል የተነሡ ሰዎች ስም ሆነ።

የቁልምጫው ነገርም ሌላ ዓለም ነው። ኮንሴፕሲዮን ኮንቺታ፣ ሮሳሪዮ ቻሮ፣ ኮንሱዌሎ ቼሎ፣ ማሪያ ቴሬሳ ማይቴ፣ ማሪያ ኢሳቤል ማሪቤል ይሆናሉ፤ ጓዳሉፔም ሉፔና ሉፒታ። ባልደረባዬ እናቷ በቁጣ ሲሆኑ ብቻ «ማሪያ ጓዳሉፔ!» ብለው ሙሉውን ይጠሯታል፤ ይህን ለእኛ ማብራራት አያሻም። ሉፒታ የምትለውን ስም አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ የሚያውቃት በሉፒታ ንዮንጎ ነው። ተዋናይቷ በ1983 ሜክሲኮ ሲቲ የተወለደችው ከኬንያውያን የሉኦ ወላጆች ሲሆን፣ እነርሱም ልጅን በተወለደበት ጊዜና ሁኔታ በሚሰይመው ባሕላቸው ከተወለደችበት አገር ስሞች አንዱን ሰጧት። የኤክስትሬማዱራው ወንዝ በሜክሲኮ ዞሮ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

በእኔ ጠረጴዛ ላይ ግን ይህ ሁሉ ታሪክ በሦስት ጠባብ ሣጥኖች ውስጥ መግባት አለበት፤ የመጀመሪያ ስም፣ የመካከል ስም፣ የቤተሰብ ስም። የአሜሪካ ቅጽ «ማሪያ ጓዳሉፔ» አንድ ስም መሆኑን አይቀበልም። ማሪያን ስም ያደርጋታል፤ ጓዳሉፔን ወደ መካከል ይገፋዋል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ የመካከሉን ቆርጦ አንዲት ፊደል ያስቀርለታል። በተጠባባቂዎች ክፍል «ማሪያ!» ተብሎ ሲጠራ ወይ ብዙ ሰው ይነሣል፣ ወይ ማንም አይነሣም፤ ምክንያቱም ከእነርሱ መካከል ቤቷ ውስጥ ማሪያ የምትባል የለችም። ሜክሲኮ ውስጥ በጽሕፈት «ማሪያ»ን በሁለት ፊደል አሳጥሮ ከነነጥቡ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ አሳጥሮ የተጻፈው በፓስፖርት ላይ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ፣ ባለ ስሟ አንዲት ሰው መሆኗን ለማስረዳት ቢሮ ለቢሮ ትንከራተታለች። እኛስ ብንሆን? ኃይለ ማርያም «ኃይለ» ሆኖ፣ ገብረ ሥላሴ «ገብረ» ሆኖ ሲጠራ ሰምተናል። «የማርያም ልጅ» ተብላ የተጠመቀች እናት በዚህ አገር ወረቀት ላይ «ወይዘሮ የ... ልጅ» ሆና ትቀራለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች ቅጹ አይጠይቅም። የእኛ ስም ሲቆረጥ ባለቤትነቱ ይጠፋል፤ የእነርሱ ሲቆረጥ ቦታው ይጠፋል።

የዛሬዎቹ ወጣት ወላጆች ለልጆቻቸው ካሚላ፣ ሶፊያ፣ ቫለንቲና ይላሉ። ጥምር ስም አልጠፋም፤ ማሪያ ፈርናንዳና ማሪያ ሆሴ አሁንም በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ ማፌርና ማኾ እየተባሉ ይጠራሉ። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ስሞች ለጆሮ ስላማሩ ይጣመራሉ እንጂ እንደ ጓዳሉፔ ወደ አንድ ኮረብታ አይመሩም። ባልደረባዬም ልጇን ካሚላ ጓዳሉፔ ብላታለች፤ ማሪያ ከነአካቴዋ ወጥታለች፣ ጓዳሉፔም ቆራጩ ሣጥን ውስጥ ገብታለች። አያትየዋ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም «ጓዳሉፔ ካለች ማሪያ አለች» ብለው ተቀበሉት፤ ራሳቸውም ልጅቷን ከሉፒታ በቀር ሌላ ብለው አልጠሯትም። በእኔ አስተያየት አያትየዋ ልክ ናቸው፤ ፕሬዚዳንት ቪክቶሪያም ሁሉንም ስሙን ሲጥል ማሪያን መጨመር አላስፈለገውም።